ውሻችሁ አልናቃችሁም፦ ስለ ውሻ ሥልጠና ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ውሻ ሥልጠና የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በብዙ ሰው እጅ ሲዞር ነበር። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደረሰኝ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «እውነት ነው ወይ?»

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ውሻ የተኩላ ዘር ስለሆነ አለቃ ካልሆናችሁበት እሱ አለቃችሁ ይሆናል። ሲያጠፋ ጥፋቱ ወዳለበት ቦታ ጎትቶ መግረፍ ነው፤ ማጥፋቱን እንደሚያውቅ ፊቱ ይመሰክራል። በምግብ ማሠልጠን ጉቦ ነው። ጥሩ የግቢ ጠባቂ የሚሆነው ከሰው ርቆ በሰንሰለት ያደገ ውሻ ነው። ሀበሻ ውሻና ያረጀ ውሻ አይማርም። እምቢ ላለው አንገቱ ላይ ታስሮ ንዝረት የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ኮላር አለ። በመጨረሻም፣ ሲበላ ሳህኑን ንጠቁት፤ አለቃው ማን እንደሆነ ይገባዋል።

እኔ የምውለው ከውሾችና ከባለቤቶቻቸው ጋር ነው። ይህ ምክር የት እንደሚያደርስ በየግቢው አያለሁ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ለውሻ ግድ እንዳላቸው ግን ከጽሑፋቸው ይታያል፤ ውሻ እንዲሁ ግቢ ውስጥ ተጥሎ መቅረት የለበትም፣ መማር አለበት ይላሉ። በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ሕግ ይኑረው የሚለው ምክራቸውም ትክክል ነው። አባት «ውረድ» እያለ ልጅ «ና ውጣ» ካለ፣ ውሻው ሶፋው አንዳንዴ እንደሚፈቀድ ነው የሚማረው። የቀረውን ግን እንዳለ ማለፍ አልችልም። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አለቃ ካልሆንክበት አለቃህ ይሆናል»

ጸሐፊው የሚጀምሩት ከተኩላ ነው። የተኩላ መንጋ በጉልበት የነገሠ አለቃ አለው፤ ውሻም ቤታችሁን እንደ መንጋ ስለሚያይ ሥልጣን ለመያዝ ይሞክራል ይላሉ። በር ላይ ከቀደማችሁ፣ ሶፋ ላይ ከወጣ፣ ሲጠሩት ካልመጣ ንቋችኋል ማለት ነው።

የዚህ ሐሳብ ምንጭ ይታወቃል። ሩዶልፍ ሼንከል የተባለ ተመራማሪ በ1947 ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ አጥር ውስጥ ተይዘው ስለነበሩ ተኩላዎች ጻፈ። ተኩላዎቹ የሚሸሹበት ቦታ ስላልነበራቸው ይጣሉ ነበር። አሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ዴቪድ ሚች ደግሞ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ለብዙ አንባቢ አደረሰው። በኋላ ግን ሚች ራሱ ከ1986 ጀምሮ በሰሜናዊ ካናዳ ኤልስሜር ደሴት ላይ የዱር ተኩላዎችን በየበጋው እየሄደ ተከታተለ። እዚያ ያገኘው መንጋ አባት፣ እናትና ልጆቻቸው ናቸው። ቤተሰብ ነው። ልጆቹ ወላጆቻቸውን የሚከተሉት በድብድብ ተሸንፈው አይደለም። በ1999 ይህንኑ ጽፎ አሳተመ። የድሮ መጽሐፉ ከገበያ እንዲወጣም አሳታሚውን ለዓመታት ሲወተውት ነበር።

እንግዲህ ሐሳቡን ያስፋፋው ሰው ራሱ ትቶታል። ውሻ ደግሞ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ14 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስለ ተኩላ የተባለው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ስለ ውሻ የሚነግረን ጥቂት ነው። በር ላይ የሚቀድማችሁ ውጭ የሚያጓጓ ሽታ ስላለ ነው። ሶፋ ላይ የሚወጣውም ስለሚመቸው ነው።

«ሲጠሩት አይመጣም» የሚለው ግን ረጋ ብሎ መታየት አለበት። ምክንያቱም ብዙ ውሻ ያለ ጥፋቱ የሚመታው በዚህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ግቢ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። ጠዋት ባለቤቱ ሰንሰለቱን ከጀርባው ደብቆ «ቡቺ፣ ና!» ይላል። ቡቺ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል። በሮቶው ሥር ይዞራል፣ ከመኪናው ኋላ ብቅ ይላል፣ ሁለት እርምጃ ይጠጋና መልሶ ይሸሻል። ባለቤቱ ሥራ ረፍዶበታል። ድምፁ እየጨመረ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ዘበኛውም ተጨምሮ ውሻው ጥግ ላይ ይያዝና ተመትቶ ይታሰራል። «አየህ፣ እኔን ንቆ ነው! ማታ እኮ ሲጠሩት እየበረረ ነው የሚመጣው» ይላል ባለቤቱ።

እስቲ ነገሩን ከቡቺ በኩል እንየው። ማታ «ና» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ራት ነው፤ ይመጣል። ጠዋት «ና» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ሰንሰለት ነው፤ አይመጣም። ዛሬ ደግሞ ዱላ ተጨመረበት። ነገ ከመኪናው ኋላ ብቅ ማለቱንም ይተዋል። እዚህ ውስጥ ንቀት የሚባል ነገር የለም። ውሻው ጠዋትና ማታን ለይቶ፣ የሰውየውን እጅ ወዴት እንደሄደ አይቶ፣ የሚሆነውን በትክክል ገምቷል። ከዚህ በላይ ምን ይማር?

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ይህንኑ በድመቶች አሳይቶ ነበር። ድመቷን መወርወሪያ ባለው ሣጥን ውስጥ ይዘጋባታል፣ ምግብ ውጭ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ ትጮኻለች። በአጋጣሚ ገመዱን ስትጎትት በሩ ይከፈታል። በተደጋገመ ቁጥር ከንቱው መፍጨርጨር እየቀነሰ፣ ገመዱን መጎተት እየቀደመ ይመጣል። ጥሩ ነገር ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል፤ መጥፎ ያስከተለ ይቀራል። ቢ. ኤፍ. ስኪነር ደግሞ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይህን በአይጥና በርግብ እየለካ ትልቅ የምርምር ዘርፍ አደረገው። የዛሬ ጥሩ አሠልጣኝ የሚሠራው በዚህ መሠረት ላይ ነው። የሚጠይቀውም «ማን ነው አለቃ?» ብሎ አይደለም፤ «ከድርጊቱ ቀጥሎ ምን መጣ?» ብሎ ነው።

የቡቺ መፍትሔም ከዚሁ ይወጣል። ማታ ተለቆ ሳለ ደጋግማችሁ ጥሩት፤ በመጣ ቁጥር ቁራሽ ነገር ስጡትና ወደ ጨዋታው መልሱት። ሰንሰለቱን እያየ ጥሩት፣ አብሉት፣ ሳታስሩት ሂዱ። ቁርሱን የሚታሰርበት ቦታ ላይ ይብላ። የታሰረ ቀን ደግሞ ቶሎ የማያልቅ የሚጋጥ ነገር ይሰጠው። «ና» አብዛኛውን ጊዜ በጥሩ ነገር የሚያልቅ ቃል ይሁን። እንዲህ ተደርጎለት ጠዋት ጠዋት ወደ ማሰሪያው በራሱ ሮጦ የሚሄድ ውሻ አይቻለሁ። እርግጥ ቀኑን ሙሉ ባይታሰር ይሻላል፤ እሱን ቆይቼ አነሣዋለሁ።

«ጥፋቱን ያውቃል፣ ፊቱን እይ»

ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያሳዘነኝ ነጥብ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ከልቡ ያምነዋል። ባለቤት ማታ ሲገባ ጫማው ተበልቷል፣ ወይም ከገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ወርዶ ተቀዷል። ውሻው ጭራውን ሸጉጦ፣ ዓይኑን አዙሮ፣ ከመሬት ተጣብቋል። ጸሐፊው «ይህ ጸጸት ነው፤ ስለዚህ ጫማውን አፍንጫው ላይ ይዛችሁ ግረፉት» ይላሉ።

ይህ «የጥፋተኛ ፊት» የሚባለው ነገር ተፈትኗል። ኒውዮርክ በሚገኘው ባርናርድ ኮሌጅ የምትሠራው አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 ያሳተመችው ጥናት 14 ውሾችን ከነባለቤቶቻቸው ያካተተ ነው። ባለቤቱ ውሻውን «ይህን እንዳትበላ» ብሎ ይወጣል። ሲመለስ «በልቷል» ወይም «አልበላም» ይባላል፤ የሚነገረው ግን ሁልጊዜ እውነቱ አይደለም። አንዳንዴ ውሻው ምንም ሳይበላ ባለቤቱ በልቷል ተብሎ ይቆጣዋል። ውጤቱ ግልጽ ነበር። የጥፋተኛ ፊት የታየው ውሻው ባጠፋ ጊዜ ተለይቶ አይደለም፤ ባለቤቱ በተቆጣ ጊዜ ነው። እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ የታየው ምንም ሳይበሉ በተቆጧቸው ውሾች ላይ ነበር።

ያ ፊት ፍርሃት ነው። «እባክህ ተወኝ» ማለት ነው። ሰው ግን ኑዛዜ አድርጎ ይወስደውና ዱላውን ያነሣል።

ለመሆኑ ውሻው ማታ ላይ ተገርፎ ምን ይማራል? «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባል የለ? ለውሻ ቅርብ ማለት ሴኮንዶች ናቸው። ጫማውን የበላው ጠዋት ነው። ከዚያ ወዲህ ተኝቷል፣ ጠጥቷል፣ በአጥሩ ሥር ባለፈው ሁሉ ላይ ጮኋል። ከግርፋቱ በፊት የሠራው የመጨረሻ ነገር ተጠርቶ መምጣቱ ነው። ከግርፋቱ በፊት የሰማው ድምፅ የመኪናው ክላክስና የበሩ መከፈት ነው። ስለዚህ የሚያያይዘው እነዚህን ነው።

ኢቫን ፓቭሎቭ ያስተማረን ይህን ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ምርምሩ ነበር። በዚያው ሥራ ላይ እያለ ውሾቹ ምግቡ አፋቸው ሳይገባ፣ ገና የሚመጣበትን ምልክት ሲያዩና ሲሰሙ ምራቃቸው እንደሚፈስ አስተዋለ። ምግብን የሚያበስር ድምፅ ምራቅን ካመጣ፣ ዱላን የሚያበስር ድምፅ ደግሞ ፍርሃትን ያመጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ክላክሱ እንደተሰማ ውሻው ከመሬት ይጣበቃል፤ አንዳንዱም ሽንቱ ያመልጠዋል። ያን ቀን ምንም አላጠፋ ይሆናል። ባለቤቱ ግን «ዛሬ ደግሞ ምን አበላሽቶ ይሆን?» እያለ ግቢውን መፈለግ ይጀምራል። ስለ ጫማ ልታስተምሩት ስትነሡ እሱ ስለ እናንተ ተማረ።

ቡችላ ቤት ውስጥ ሲሸና አፍንጫውን ሽንቱ ውስጥ መድፈቅም ከዚሁ አይለይም። ቡችላው የሚማረው ሰው ፊት መሽናት አደገኛ መሆኑን ነው። ቀጥሎ ከሶፋ ጀርባ ሄዶ ይሸናል። ይባስ ብሎ ውጭ ስታወጡት እናንተ አጠገቡ ስላላችሁ ይዞ ይቆይና ቤት ሲገባ ይለቀዋል። የሚሠራው ሌላ ነው። እንደነቃ፣ እንደበላና እንደተጫወተ ወዲያው አውጡት። ውጭ ሸንቶ እንደጨረሰ እዚያው ቆማችሁ አመስግኑት፣ ቁራሽ ስጡት። ቤት ውስጥ የሸናበትን ሽታው እስኪጠፋ እጠቡ። ሌላ ጥበብ የለውም።

«ቅጣት ጭራሽ አይሠራም ትያለሽ ወይ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልልም። በትምህርት ሳይንስ ቅጣት ማለት ድርጊቱን የሚቀንስ ነገር ነው። በትክክለኛዋ ሴኮንድ፣ በትክክለኛው መጠን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከመጣ ይቀንሳል። እስቲ ቤታችሁ ውስጥ ይህን ማን ይችለዋል? ደግሞም ልብ በሉ፦ በአንድ ጥፋት ዓመት ሙሉ የሚመታ ውሻ ካላችሁ፣ ዱላው ምንም እንዳልቀነሰ ራሳችሁ ምስክር ናችሁ። ዱላው ግን ሌላ ነገር ይጨምራል። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ2009 የወጣ ጥናት የአስቸጋሪ ውሾችን ባለቤቶች ምን እንደሞከሩ ጠየቀ። ውሻቸውን ከመቱት ወይም ከረገጡት መካከል 43 በመቶ የሚሆኑት ውሻው በቁጣ እንደመለሰላቸው ተናግረዋል።

«ምግብ ጉቦ ነው»

ይህን የሚሉት ጸሐፊው ብቻ አይደሉም። «ሥጋ ካልያዝኩ አይሰማኝም» የሚል ባለቤት ሞልቷል። ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ጉቦ ከሥራው በፊት ይታያል፣ ሽልማት ከሥራው በኋላ ይመጣል። ሥጋውን አውጥታችሁ እያሳያችሁ «ቁጭ በል» ካላችሁ፣ ውሻው ትእዛዙ ቃሉ ሳይሆን ሥጋው እንደሆነ ይማራል። ስለዚህ ምግቡ ኪስ ውስጥ ይሁን። «ቁጭ በል» በሉ፤ ሲቀመጥ ገና ቂጡ መሬት እንደነካ «ጎበዝ!» በሉ፤ ከዚያ እጃችሁን ኪስ ክተቱ። «ጎበዝ» የምትለዋ ቃል የትኛው ድርጊት እንደተወደደለት ትነግረዋለች፤ ምግቡ አንድ ሁለት ሴኮንድ ቢዘገይም ችግር የለውም። መጀመሪያ ላይ እንዲገባው ምግብ በእጅ ይዞ መምራት ይቻላል፤ ግን ከጥቂት ሙከራ በኋላ እጁ ባዶ መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ድርጊቱን ከለመደ በኋላ በየጊዜው መክፈል አያስፈልግም። አንዴ ስጡ፣ አንዴ ዝም በሉ፣ አንዴ ደግሞ ሦስት ቁራሽ አከታትሉ። አልፎ አልፎ የሚሸለም ድርጊት ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ቶሎ እንደማይጠፋ ስኪነር አሳይቷል። ይህን ሳታውቁት በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። ማዕድ ላይ ዓይን ዓይናችሁን የሚያይ ውሻ እንዴት እንደዚያ ሆነ? አንዱ ልጅ አልፎ አልፎ ጉርሻ ስለሚጥልለት ነው። አባት ዘጠኝ ጊዜ ቢያባርረው የልጁ አንድ ጉርሻ ታሸንፋለች።

ሽልማት ምግብ ብቻም አይደለም። በር መከፈቱ ሽልማት ነው፤ ቁጭ ሳይል አይከፈት። ኳስ መወርወር፣ ግንድ ማሽተት፣ ጆሮ ሥር መታከክም ሽልማት ነው። የሚወስነው ግን ውሻው ነው። ራሱን መዳበስ የማይወድ ውሻ አለ፤ ሲዳብሱት አንገቱን ይሰብራል። ያንን ውሻ «ሸለምኩት» ማለት አይቻልም።

አለቅነት የማያስፈልግ መሆኑን ለማየት ከፈለጋችሁ ታንዛንያ ሞሮጎሮን ተመልከቱ። አፖፖ የተባለው ድርጅት እዚያ ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን የተቀበረ ፈንጂንና የሳንባ ነቀርሳን በማሽተት እንዲለዩ ያሠለጥናል። መሣሪያው ክሊክ የምትል ድምፅና ሙዝ ነው። ማጋዋ የተባለው አይጥ ካምቦዲያ ውስጥ ፈንጂ በማግኘት በ2020 የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። አይጥን ማንም ገርፎ ፈንጂ እንዲፈልግ ሊያደርገው አይችልም። ነፍስ የሚታመንበት ሥራ በሙዝ ከተሠለጠነ፣ ለግቢያችን ውሻ ምግብ ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚል ሕዝብ ይህን ለመቀበል ሊከብደው አይገባም።

ምን ይሰጠው ለምትሉኝ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል የተቀቀለ ሥጋ ትበቃለች። ብዙ ሰው ከሥጋ ቤት ሳንባ ይገዛል፤ ጥሩ ነው፣ ግን በደንብ ይቀቀል። የከብትና የበግ ሳንባና ጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠሩ ዕብጠቶች አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥሬውን የበላ ውሻ በአንጀቱ ትል ያፈራል፤ የትሉ እንቁላል ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል። ወጥ አትስጡት፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

«ጥሩ ጠባቂ የሚወጣው ከሰንሰለት ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ፈሪ ውሻን ከጠባቂ ውሻ ጋር ቀላቅለዋል። ቀኑን ሙሉ የታሰረ፣ ሰው የማይቀርበው ውሻ ሁሉን ነገር ይፈራል። ስለዚህ በሁሉም ላይ ይጮኻል፤ ሌባውም፣ አያትም፣ የውኃ ቆጣሪ አንባቢውም ለእሱ አንድ ናቸው። ሁሌ የሚጮኸውን ውሻ ደግሞ የቤቱ ሰው መስማት ያቆማል። ሌባ የገባ ሌሊት ማንም ቀና ብሎ አያይም።

ጩኸቱ እንዴት እንደሚጠነክር በአንድ ማለዳ ታያላችሁ። ቆራሌው እየተጣራ በአጥሩ ሥር ያልፋል። ውሻው ይደነግጣል፣ ይጮኻል። ቆራሌው መንገዱን ይቀጥላል፤ ድሮም ሊያልፍ ነበር። ለውሻው ግን «ጮኽኩ፣ ሄደ» ነው። የፈራው ነገር ራቀለት፤ ጩኸቱ ሠራ። ቀጥሎ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ቀጥሎ ባጃጅ። ማታ ላይ ውሻው ብዙ ጊዜ «አሸንፏል»። በማግሥቱ ቀድሞ፣ ከፍ አድርጎ ይጮኻል። ማንም አላስተማረውም ትላላችሁ፤ እሱ ግን ሲማር ነው የዋለው። በዚህ ላይ እናንተ በመስኮት «ዝም በል!» እያላችሁ ስትጮኹ አብራችሁት የጮኻችሁ ሊመስለው ይችላል።

ውሻ ሰውን የሚለምድበት ዋናው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች ሜይን፣ አሜሪካ ውስጥ ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠርተው በ1965 እንዳሳተሙት፣ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ግድም ያለው ጊዜ ነው። በዚያ ዕድሜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ነጠላ የለበሰ፣ የሚያነክስ ሰው ያላየ ቡችላ ሲያድግ እነዚህን ሁሉ እንደ አደጋ ያያል። እኛ ደግሞ ልክ በዚያ ዕድሜ ነው ኮርኒስ ሥር የምናስረው። የተረጋጋ ውሻ የዘወትሩን ሰው ያውቃል፤ ስለዚህ ያልተለመደው ሲመጣ ይለያል። ጠባቂ ማለት ይህ ነው።

ሰንሰለትና ንክሻን በተመለከተ በ1994 በወጣ ጥናት በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱና ያልነከሱ ውሾች ተነጻጽረው ነበር። የነከሱት ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩ የመሆን ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። መሸሽ የማይችል ውሻ የሚቀረው መንከስ ብቻ ነው። ግድ ማሰር ካለባችሁ ጊዜውን አሳጥሩ፣ አጥር ያለው ጥግ ሥሩለት፣ በቀን ውስጥ ከሰው ጋር ይዋል።

«ሀበሻ ውሻ አይማርም»

ይማራል። የቶርንዳይክ ሕግ በድመት፣ በአይጥ፣ በርግብና በዶሮ ከሠራ በሀበሻ ውሻ ላይ የሚቆምበት ምክንያት የለም። ከመንገድ ተነሥቶ ቤት የገባ ውሻ እንዲያውም በየትኛው ሰዓት የትኛው ሥጋ ቤት በር ላይ መቆም እንዳለበት፣ የትኛው ሰው ድንጋይ እንደሚያነሣ ተምሮ የኖረ ነው። ያረጀ ውሻም ይማራል። የቆየ ልማድ ስላለው ጊዜ ይወስዳል፣ ጆሮና ዓይኑ ደክሞ ከሆነም ምልክቱን ማጉላት ያስፈልጋል። የፈረንጅ ዝርያ በውድ ገዝቶ ሳያሠለጥኑ ከማሰር፣ ያለውን ውሻ ማስተማር ይሻላል።

«እምቢ ካለ የኤሌክትሪክ ኮላር»

ይህ ዕቃ አሁን እኛም ዘንድ ከውጭ እየመጣ ነው፤ ስለዚህ ችላ ማለት አይገባም። በእንግሊዝ የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 ባሳተሙት ጥናት 63 ውሾች ተሳትፈዋል። ኮላሩን አዘውትረው በሚጠቀሙ አሠልጣኞች እጅ እንኳ ኮላሩ በሽልማት ከተሠለጠኑት የተሻለ ውጤት አላመጣም። ጭንቀት ግን አምጥቷል። ዌልስ በ2010 ከልክላዋለች።

በፖርቱጋል በ2020 የወጣው ጥናት ደግሞ በተለያዩ ማሠልጠኛዎች የሚማሩ 92 ውሾችን ተከታተለ። በቁጣና በሕመም የሚሠለጥኑት ከትምህርቱ በኋላ ምራቃቸው ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ጨምሮ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተደረገውን ፈተና ልንገራችሁ። ውሻው ሳህን በአንድ በኩል ሲቀመጥ ምግብ እንዳለው፣ በሌላው በኩል ሲቀመጥ ባዶ እንደሆነ ይማራል። ከዚያ ሳህኑ መሀል ላይ ይቀመጣል። በሽልማት የሠለጠነው ውሻ ቶሎ ሄዶ ያያል። ብዙ የተቀጣው ግን እየዘገየ ይሄዳል፤ ጥሩ ነገር መጠበቅ ትቷል።

በ1967 ሴሊግማንና ማየር የሠሩትም አይረሳም። የማያመልጡት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች በኋላ ዝቅተኛ አጥር ዘለው ማምለጥ በሚችሉበት ቦታ ሲቀመጡ፣ አብዛኞቹ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። ጸሐፊው ኮላሩን ያደረገ ውሻ «ጨዋ ሆነ፣ ዝም አለ» ይላሉ። ዝምታውን ጠጋ ብለው እንዲያዩት እለምናቸዋለሁ። ምን ማድረግ እንዳለበት ያወቀ ውሻ ጆሮውን ቀና፣ ጭራውን ላላ አድርጎ ዓይናችሁን ያያል። ተስፋ የቆረጠው ግን አይንቀሳቀስም።

«ሲበላ ሳህኑን ንጠቀው»

ይህንን መጨረሻ ላይ ያቆየሁት ከሁሉ አደገኛ ስለሆነ ነው። ውሻ ሲበላ እየደጋገሙ የሚነጥቁት ከሆነ፣ ወደ ሳህኑ የሚመጣ እጅ ቀማኛ እንደሆነ ይማራል። መጀመሪያ አጎንብሶ ቶሎ ቶሎ ይውጣል። ቀጥሎ ሰውነቱ ይደርቃል፣ በጎን ዓይኑ ያያል፣ ያጉረመርማል። ጸሐፊው «ሲያጉረመርም ምቱት» ይላሉ። ከተመታ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ያ ከጠፋ ውሻው ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ሰዎች «በድንገት ነከሰን» የሚሉት ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ውሻ ነው።

የሚነከሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የነጠቀው አባት አይደለም። አባቱን አይቶ ሳህኑ ላይ እጁን የሚሰድ ልጅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አለበት ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች እንደሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በሽታው ሰው ላይ የሚደርሰው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻችሁን አስከትቡ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዱት።

ሳህኑን በተመለከተ የሚሠራው ተቃራኒው ነው። ውሻው ሲበላ ሳትጠጉት እያለፋችሁ ከሳህኑ የተሻለ ነገር፣ ለምሳሌ ቁራሽ ሥጋ ጣል አድርጉለት። ሰውነቱ ላላ ብሎ ቀና ማለት ሲጀምር ትንሽ ጠጋ በሉ። ቀስ በቀስ የሰው እግር ኮቴ ወደ ሳህኑ ሲመጣ ጭራውን የሚቆላ ውሻ ይሆናል። ከመጀመሪያው እያጉረመረመ ያለ ውሻ ከሆነ ግን ለብቻው ይብላ፣ ልጆች አይጠጉት፣ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ጸሐፊው በሌላው ሁሉ ላይስማሙኝ ይችላሉ፤ እንከራከራለን። ይህችን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ ከጽሑፋቸው ያውጡልን። አንብቦ ዛሬ ማታ የሚሞክራት ሰው አለ፤ ቤቱ ውስጥም ልጅ ይኖራል።